ብርቄ ጉልበት ስትስም ያለችው

መብራቱ ሄደ? ይሂድ። ሻማውን ተዉት፣ ለነገ ያስፈልጋል። ጠጋ ጠጋ በሉ። ማህሌት፣ አንቺ በስልክሽ ጻፊ። እንደማወራው ጻፊ፣ ደግሞ እንዳታሳምሪው።

ጋኔን የሚወጣው በሌሊት ነው ያላችሁ ማነው? በሌሊትማ ሰው ይጠነቀቃል፣ በር ይዘጋል፣ ያማትባል። የሱ ሰዓት ቀትር ነው። ስድስት ሰዓት። ፀሐይ አናት ላይ፣ ከብቱ ጥላ ሥር፣ ሰዉ ቤቱ። መንገዱ ጭር ብሏል። በዚያ መንገድ አንድ ሰው ብቻውን ይሄዳል። ማን ነው? ንጋቱ ነው።

ንጋቱ ማን መሰላችሁ? ስሙን የማልጠራው ከተማ ውስጥ ሱቅ ነበረው። ሰርግ ይቀርጻል፣ ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብሎ ያቀናብራል። ሥራውን ያውቅ ነበር፣ አልዋሽም። ምስሉን ከላይ ያደርግና ድምፆቹን ከሥር ይደረድራቸዋል። ከበሮው ለብቻው፣ እልልታው ለብቻው፣ ሙሽራዋ ደረት ላይ የሰካት ትንሽ ማይክ ለብቻዋ። እያንዳንዱ አንድ መስመር ነው፣ ትራክ ይለዋል። የፈለገውን ይከፍታል፣ ያልፈለገውን ዝም ያሰኛል። አንዱ ዝም ሲል ሌላው አይነካም። ገባችሁ? መንደር ሙሉ ሰው ሲጮህ ከመሀል የአንዷን ሹክሹክታ መዝዞ ያወጣል።

እና ክፉ ነበር። የመዘዘውን ጓደኞቹን ሰብስቦ ያሰማቸዋል። አማትየዋ ስለ ሙሽራዋ ምን አለች፣ ሚዜው ስለ ወጡ ምን አለ። እየሰሙ መንከትከት ነው።

አንድ ቀን ብርቄ ተዳረች። የእትዬ ጠጅቱ ልጅ፣ አንድያዋ ሴት። ሙሽራ ከቤት ስትወጣ ምን ታደርጋለች? ጉልበት ትስማለች። ብርቄም ተንበረከከች፣ የእናቷን ጉልበት ሳመች፣ እዚያው እንደተደፋች የሆነ ነገር ተናገረች። ከበሮው ይመታል፣ እልልታው ይቀልጣል፣ ማን ይሰማል? እትዬ ጠጅቱ ዕድሜ ይስጥሽ ያለቻት መሰላት። "አሜን ልጄ" አለቻት። "አሜን፣ አሜን።" ብርቄ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ወሰዷት።

ንጋቱ ሲያቀናብር ከበሮውን ዝም አሰኘ። እልልታውን ዝም አሰኘ። የብርቄን ማይክ ብቻ ተወ። ምን ሰማ? ቆዩ፣ እነግራችኋለሁ። ጓደኞቹን ጠርቶ አሰማቸው።

"ኧረ ይቺ ጉድ ናት" አለ አንዱ።

"ሙሽራ ሁሉ እንዲህ ይላል" አለ ንጋቱ። "ማታውኑ ትረሳዋለች።"

ዘፈን ጫነበትና ሲዲውን አስረከበ።

ብርቄ ዓመት አልደፈነችም፣ ሞተች። ባልየው ከደረጃ ወድቃ ነው አለ። ቤታቸው ደረጃ ነበረው? አልነበረውም።

ከቀብሩ በኋላ የእትዬ ጠጅቱ ሥራ ያንን ሲዲ እያስከፈቱ ማየት ሆነ። ምን ታያለች? ልጇ ጉልበቷ ላይ ተደፍታ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ። የሚሰማው ግን ዘፈን ነው። ተነሳችና ንጋቱ ሱቅ ሄደች።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ዘፈኑን አንሳልኝና እዚህ ጋ ምን እንዳለችኝ ልስማ።"

"ድምፅ የለውም እትዬ።"

"ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል እኮ።"

"ማይኩ አልሠራም ነበር።"

"እስቲ ክፈተው።"

ለምን ዋሸ? ብርቄ በሕይወት እያለች ሰምቶት ዝም ብሏላ። ይሄ ቢታወቅ ወንድሞቿ ይምሩታል? ከፈተው። እትዬ ጠጅቱ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አደረገች።

"ይቺ አረንጓዴ መስመር ምንድን ናት?"

"ጫጫታ ናት።"

"ጫጫታም ትሁን፣ አሰማኝ።"

"ጆሮዎን ታሳምማለች። ላጥፋልዎት" አለና እዚያው ፊቷ ደመሰሳት። ሌላ ቅጂ የለም። እሷ ምን አለች መሰላችሁ? "እግዜር ይስጥልኝ" አለችው። ለደከመበት መርቃው ወጣች።

ከዚያ ወዲያ ነው ንጋቱ እናቱን ሊጠይቅ ወደ ገጠር የወጣው። ባጃጁ ድልድዩ ጋ አወረደው፣ ከዚያ በእግር ነው። ሰዓቱ ስንት ነው? ነግሬያችኋለሁ። ቀትር።

መጀመሪያ ወፍጮ ቤቱ ዝም አለ። ዱግ ዱግ ዱግ ሲል የነበረው፣ ጭጭ። ምሳ ወጡ ብሎ አሰበ። ዞር ብሎ ሲያይ የወፍጮው ጭስ አሁንም እየተነፋ ይወጣል። ትንሽ ሄደ። ባሕር ዛፉ ይወዛወዛል፣ ድምፅ የለውም። ትንሽ ሄደ። ውሻ ካጥር ዘሎ ጮኸበት። አፉ ይከፈታል፣ ጥርሱ ይታያል፣ ድምፅ የለውም። ትንሽ ሄደ። ጫማው ኮረቱን ይረግጣል፣ ኮረቱ ይበተናል፣ ኮሽታ የለም።

ያኔ ገባው። የገዛ ሥራው ነዋ። አንድ በአንድ ዝም የሚያሰኝ አለ። ማንን ሊያስቀር?

ልብስ ሲፈተግ ሰማ። ማይክ ላይ ቀሚስ ሲታከክ የሚሰማው ዓይነት፣ ጆሮው ሥር። ከዚያ ትንፋሽ። ወደ መሬት አየ። በቀትር ጥላ የት ነው? እግር ሥር ነው። የሱ ጥላ እግሩ ሥር አለ። አጠገቡ ሌላ ጥላ አለ፣ የተንበረከከ። ከዚያ ሹሩባ አየ፣ አፈር የያዘ የሙሽራ ሹሩባ። ከዚያ እጅ፣ እንሶስላው ከጥፍሯ ያልለቀቀ። ሁለት ጉልበቱን ጭምቅ አድርጋ ያዘችው።

ተናገረች። ያኔ ለእናቷ ያለቻትን፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ። አልጮኸችም፣ ቀስ ብላ ነው።

እሱስ ምን አለ? ሰው ጉልበቱ ተይዞ አፉ የለመደውን ነው የሚለው።

"አሜን" አለ።

ለቀቀችው። ወፍጮው፣ ዛፉ፣ ውሻው፣ ሁሉም ባንዴ ጆሮው ላይ ወረደበት። ሮጠ። እናቱ ደጃፍ ቆማለች። "ምን ሆንክብኝ?" አለችው። አፉን ከፈተ። የወጣው የሱ ድምፅ አይደለም። የሴት ነው። የብርቄ። የሚለውም ያንኑ ነው፣ ሌላ የለም። ውሃ ስጡኝ ሊል ያንኑ ይላል። ፀበል ወሰዱት፣ ቄሱ ማነህ አሉት፣ ያንኑ ይላል።

ወሬው እትዬ ጠጅቱ ጆሮ ገባ። መጣች። ንጋቱ ገና ሲያያት አፉን በሁለት እጁ ከደነ። ለሷ አዝኖ ይሁን ለራሱ ፈርቶ እኔ አላውቅም። ራሱን ይነቀንቃል፣ እንባው ይወርዳል።

"ልጄ እዚህ ውስጥ ናት አሉኝ። እጅህን አንሳ" አለችው።

አላነሳም።

"ወንዶች፣ እስቲ ያዙልኝ።"

ያዙላት። ጣቶቹን ካፉ ላይ ፈለቀቁ።

"እማ" አለ የብርቄ ድምፅ። "ካሁኑ እገልሻለሁ ብሎኛል። አትስጪኝ። አስቀሪኝ።"

እትዬ ጠጅቱ ሰዉን ዞራ አየች። "ያኔ እኔ ምን ነበር ያልኳት?" አለች። ታውቀዋለች እኮ። ሲዲው ላይ የራሷም ከንፈር ይታያል።

አለቀሰች? አላለቀሰችም። በርጩማ ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

"ድገምልኝ" አለችው።

ደገመላት። በማግስቱም መጣች፣ ደገመላት። ዝም ሲል በከዘራዋ ጫፍ አገጩን ትወጋዋለች። እናቱ እግሯ ላይ ወደቀች፣ ቄሱ ለመኑ፣ እሷ ወይ ፍንክች። እስክትሞት ድረስ እንዲያ ነበሩ፣ ሁለቱም።

የሱ የራሱ ድምፅስ የት ሄደ? መንገዱ ላይ ነዋ የቀረው። ሰው የሌለው ድምፅ። ሁለት ሆነው ለሚሄዱ አይጠጋም። ግን በቀትር ብቻችሁን ስትሄዱ፣ ማንም ሳይመርቃችሁ፣ ከኋላችሁ ቀስ ብሎ አሜን የሚል የወንድ ድምፅ ከሰማችሁ፣ እንዳትዞሩ።

በሉ ተነሱ፣ ወደ መኝታችሁ። እግዜር ከዚህ ይሰውራችሁ።

ምነው ዝም አላችሁ?