ቀዝቃዛ ጆሮ

ዶክተር ይሁኔ ጠዋት ክሊኒኩን ሲከፍት መጀመሪያ ጠረጴዛውን በበረኪና ይወለውላል፤ ከዚያ መስኮቱን ከፍቶ ፍየልና ጥጃቸውን ይዘው በረንዳው ላይ ተራ የሚጠብቁትን ሰዎች «እንዴት አደራችሁ?» ይላል። ሃያ ዓመት ሙሉ የመርሳ ከተማን ከብት ያከመ ሰው ነው። የበሬ ጆሮ በእጁ ጀርባ ነካ አድርጎ «ትኩሳት አለው» ካለ፣ አለቀ። ድመት ግን፣ እውነቱን እንነጋገርና፣ ከቁም ነገር አይቆጥራትም ነበር።

ባለፈው ሳምንት እህል ነጋዴዋ እትዬ ጥሩአየር ድመታቸውን ጉራማይሌን አምጥተው ነበር። አውራ ድመት አንገቷን ነክሷት ቁስሉ መግል ቋጥሯል። ዶክተሩ ፀጉሯን ላጨ፣ መግሉን አፈሰሰ፣ እንደ ልማዱ ጆሮዋን ነካ፤ ቀዝቃዛ። ልቧም ረጋ ብሎ ይመታል። «ትኩሳት የለባትም፣ ይዘዋት ይሂዱ» አለ እየሳቀ። ቀትር ላይ ሞተች፤ ጓሯቸው ቀበሯት።

ያን ቀን ከሰዓት መሞቷን ሰምቶ የሕክምና መጽሐፉን ገለጠ። ድመት እንደ በሬ አይደለችም ይላል፤ ቁስሉ ደሟን ሲመርዘው ትቀዘቅዛለች፣ ልቧም ይዘገያል፤ ብርዱ ራሱ ነው ምልክቱ። መጽሐፉን ከደነው። እትዬ ጥሩአየር ሊጠይቁት ሲመጡም ዓይናቸውን እያየ «የአይጥ መርዝ በልታ ነው» አላቸው። ወይ ድፍረት! የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ዛሬ እትዬ ጥሩአየር ተራቸውን ጠብቀው ገቡና ዘንቢላቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«እህቷ ናት» አሉ። «በሽታውም ያው ነው። ዛሬ ግን ያድኑልኛል።»

ከንፈሯን ገለጥ ሲያደርግ ድዷ እንደ ኖራ ነጥቷል። ቴርሞሜትሩ ሠላሳ አራት አለ፤ የጤነኛ ድመት ሠላሳ ስምንት ነው። ዶክተር ይሁኔ ግን ደስ አለው፤ እግዜር ዕዳዬን እንድከፍል ሰጠኝ ብሎ አሰበ። ግሉኮሱን በፍል ውሃ አሙቆ በፊት እግሯ የደም ሥር ሰካላት፣ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቱን ወጋት፣ ሙቅ ውሃ የሞሉ ጠርሙሶችን በጨርቅ ጠቅልሎ ጎንና ጎኗ አስቀመጠ፣ የገዛ ጋቢውንም ደረበላት።

ቁስሉን ሊያጥብ አንገቷን ሲያቃና የተላጨ ቦታ አገኘ። ጠርዙ ላይ ምላጩ ያዳለጠበት ጠማማ መስመር አለ፤ ያን መስመር ያውቀዋል፣ የራሱ እጅ ነው። ከመግሉ ሽታ ሥር ሌላ ሽታ መጣ፣ ዝናብ የነካው የጓሮ አፈር ሽታ፤ ጆሮዋ ውስጥም ጥቁር አፈር ተጠቅጥቋል።

«የት ነበረች?» አለ።

«ጓሮ» አሉ እትዬ ጥሩአየር።

እዚህ ላይ እጁን ማንሳት ነበረበት። ግን ሠላሳ አምስት ገባች፣ ቆይታም ሠላሳ ስድስት፤ የምትድንን እንስሳ ጥሎ የሚሄድ ሐኪም ደግሞ የለም። ፀሐዩ በመስኮት ገብቶ ትከሻው ላይ አርፏል፣ እሱን ግን ይበርደዋል። በረንዳው ላይ የነበረው የፍየሎች ጩኸት መቼ እንደቆመ አላስተዋለም። ማዳመጫውን ደረቷ ላይ ሲያደርግ ፈጣን፣ ሞቅ ያለ ምት ሰማ፤ ከሱ ሥር ደግሞ ሌላ ምት አለ፣ ዘገምተኛ፣ እየራቀ የሚሄድ። ማዳመጫውን ከጆሮው አወለቀ። ዘገምተኛው አልቆመም።

አውራ ጣቱን አየ። ሁለት ቀዳዳ አለው፤ መቼ እንደነከሰችው አያውቅም፣ ጠብታ ደምም የለበትም። ወደ መስኮቱ መስተዋት ዞሮ ከንፈሩን ገለጠ። ነጭ ነው።

መድኃኒቱ ከእጁ አንድ ክንድ አይርቅም። እጁ አልታዘዝ አለው።

«እትዬ... ሰው ይጥሩልኝ... ደሜ...»

እትዬ ጥሩአየር ሳይቸኩሉ ድመቷን አንስተው አቀፏት፤ ሠላሳ ስምንት የገባች፣ ኩርር ኩርር የምትል ድመት። በሌላ እጃቸው እሱን ደግፈው ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት።

«ለሷ መርዝ ነው ብለውኛል» አሉት በለሆሳስ። «ሚስትዎ ሲጠይቁኝ ለእርስዎ ምን ልበል?»

ጋቢውን ድመቷ ላይ አጣፍተው ወጡና በሩን ቀስ አድርገው ዘጉ። «ዶክተር ትንሽ ጋደም ብለዋል፤ ነገ ኑ» ሲሉ ተሰማ።

ሰዎቹም «ይረፉ እንጂ፣ ምስኪን ደክሟቸው ነው» እያሉ፣ እሱ ዓይኑን አፍጦ ሁሉንም እየሰማ፣ ፍየሎቻቸውን ነድተው ሄዱ።