መድናና የጉበቴ ወሬ

ዘመኑ የደርግ ነው። ስኳር የመጣ ዕለት የመካነ ሰላም ከተማ ሰው ቤቱ አይውልም። የቀበሌው ሱቅ ሰልፍ እስከ መንገዱ ይጠማዘዛል። ሚዛኑ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ በመስኮት ደመና እያየሁ የምውል ብቸኛ ልጅ።

ቀና ስል አየኋት። አረንጓዴ ሻሽ፣ ትልልቅ ዓይኖች... እኔ እሷን ሳይ ስኳሩ ከሚዛኑ ሞልቶ መሬት ፈሰሰ።

«አንተ! የሰው ስኳር ለጉንዳን ታድላለህ?» አለችኝ።

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። እኔ የሰማሁት የእሷን ሳቅ ብቻ ነው።

መድና ትባላለች፤ የቁርኣን አስተማሪው የሸህ ይማም ልጅ ናት። ከዚያ ወዲያ ስኳር ባይመጣም በሱቁ በኩል ማለፍ አበዛች። ቆመን ስናወራ ሰው ከመጣ «ሳሙና የለም?» ትለኛለች። «የለም» እላታለሁ። ሰውየው ሲያልፍ ሁለታችንም እንስቃለን።

ሽማግሌ ልልክ ባሰብኩበት ክረምት ጎኔን አመመኝ። አጎቴ አዲስ አበባ ወስዶ አስመረመረኝ። ሐኪሙ ሆዴን በአዲስ መሣሪያ አየና፣ «ጉበትህ ላይ ስብ ተከማችቷል። አሁን አያሰጋህም፤ ቅቤ ቀንስ፣ በእግርህ ሂድ» አለኝ። እናቴ አንድ ልጇ እንዲጠነክርላት በየማለዳው ቅቤ አቅልጣ ታጠጣኝ ነበር።

ለመድና ልደብቃት አልፈለግሁም። ስነግራት ፊቷ ተለወጠ።

«ጉበት?... አብዱሰላም፣ አረቄ ትጠጣለህ እንዴ?»

«ወላሂ ቀምሼም አላውቅ!»

«ታዲያ ጉበትህን ምን ነካው?»

ስብ ነው ብላትም አላመነችኝም። በእኛ አገር ጉበቱ ታመመ ከተባለ ከአረቄ በቀር ማን ምን ያነሣል? ቤቷ ገብታ ስታለቅስ አክስቷ አስለፈለፈቻት፤ አክስቷ ለሰፈሩ አዳረሰችው። ሽማግሌዎቼ ሲሄዱ ሸህ ይማም ከደጅ መለሷቸው።

«ቁርኣን ከሚቀራበት ቤት ለሰካራም ልጅ ልስጥ? አላህ ያፍወን!»

መድናም በሱቁ በኩል ማለፏን ተወች።

ወራት ካለፉ በኋላ አንድ ከሰዓት በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ከስታለች።

«ሳሙና የለም» አልኳት። ቅያሜ ነበረብኝ።

«ሳሙና አልፈለግሁም። አባቴን ጎናቸውን አሟቸዋል፤ ያገር መድኃኒት እምቢ አለ። ሆስፒታሉን የምታውቀው አንተ ነህ...» እንባዋ ቀደማት። «ልለምንህ አይገባኝም ነበር።»

«አብሽሪ፣ እወስዳቸዋለሁ።»

ከሸህ ይማም ጋር በጭነት መኪና ሄድን። በየኬላው እያስወረዱ የቀበሌ መሸኛ ሲጠይቁን የሳቸውን እጅ ይዤ አወርዳቸዋለሁ፣ ደግፌ አወጣቸዋለሁ። ሸህ ይማም ግን ፊታቸውን ከእኔ እንዳዞሩ አዲስ አበባ ገባን።

ያው ሐኪም አያቸው። «ጉበትዎ ላይ ስብ አለ፣ አባቴ።»

ብድግ አሉ። «እኔ? መጠጥ ባፌ ዞሮ አያውቅም!»

«መጠጥ ማን አነሣ?» ሐኪሙ ሳቀ። «መጠጥም ያመጣዋል፣ ያለ መጠጥም ይመጣል። ስንቱ ሰው እንዳለበት ቢያውቁ ይገርምዎታል! ሌላ ሕመም ስፈልግ እንኳ እሱን አገኛለሁ። በዚህ ደጅ ከሚያልፈው ሰው ጥቂት የማይባለው ይዞት እየሄደ ነው፤ ስለማያመው አያውቀውም።»

ሸህ ይማም ቀስ ብለው ተቀመጡ። አዩኝ... ብዙ አዩኝ።

ስንመለስ መንገድ ላይ ወረኢሉ ከተማ መኪና እየጠበቅን፣ «አብዱሰላም» አሉ። በስሜ ሲጠሩኝ የመጀመሪያቸው ነው። «አፉ በለኝ። ስምህን አጠፋሁት።»

«አፉ ብያለሁ፣ ሸህዬ።»

«ይህን አገር ቢሰማ... ከእንግዲህ ልጄን ቁርኣን አቅሩልኝ ብሎ ወደ እኔ የሚልክ ይኖራል?»

የጋቢያቸውን ጫፍ ስበው ፊታቸውን ሸፈኑ። አንድ ቃል ባወራ ስሜ ይጸዳል፤ መድናንም አገኛለሁ። ግን እሳቸውን እንዲያ ሆነው እያየሁ እንዴት ላውራ?

«ከእኔ አይወጣም» አልኳቸው። «ወላሂ አይወጣም።»

በማግስቱ መድና ሱቁ መጣች። «ሐኪሙ ምን አላቸው?»

«እሳቸውን ጠይቂ።»

«እሺ። አንተ ግን ሽማግሌ ላክ።»

«ደግመው ቢያባርሩብኝስ?»

«ደግመህ ትልካለሃ! እኔ አምኜሃለሁ... ዘግይቼ ቢሆንም።»

ላክሁ። ልማዱ ባይፈቅድም ከሸህ ይማም አጥር ጀርባ ቆሜ አዳመጥኩ። ጎረቤቱ ተሰብስቧል፤ አክስትየዋም አለች። ሽማግሌ የመጣበት ሳይሰማለት አይቀመጥምና ሁሉም ቆመዋል። ከሽማግሌዎቼ አንዱ ጋሽ አጥናፉ፣ ክርስቲያኑ ጎረቤታችን፣ ጀመሩ፦

«ሸህ ይማም፣ አረቄ የምጠጣስ እኔ ነኝ፤ ጉበቴ እንደ ደንጊያ ነው! ልጁን ለቀቅ ያድርጉት!»

ሰው ሳቀ። ሸህ ይማም አልሳቁም።

«ስሙኝ! የዚህ ልጅ በሽታ እኔም ላይ አለ። ሐኪሙ ነግሮኛል። ጠጪ የሚል ካለ ከእኔ ይጀምር! ልጁ ይህን እያወቀ የእኔን ስም ሸፍኖ የራሱን አጠልሽቶ ዝም አለ። ከእሱ የተሻለ ለመድና ከየት አመጣለሁ? ሰጥቻለሁ። በሉ ተቀመጡ!»

እልልታው ሳያባራ መድና በጓሮ በር ወጥታ አጥሩ ጀርባ ደረሰች። እያለቀሰች ትስቃለች።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ለአባትሽ ወላሂ ብዬ ነበራ።»

«ያኔም ወላሂ ብለኸኝ አላመንኩህም... አፉ በለኝ።»

እጇን ያዝኩት።

«ሰው ያየናል» አለች። እጇን ግን አልነጠቀችኝም። ከረመዳን ቀጥሎ ባለው በሸዋል ወር ኒካሕ አሰርን።