ሳልጠይቃት የቀረሁት ቃል

የሚጥል በሽታ ሕክምና ስልጠና ስንጀምር አሰልጣኛችን ከሁሉ በፊት ያስተማሩን ማየትን ነው። ሕመምተኛው ሲንቀጠቀጥ ሰዓትሽን እዪ፤ በጎኑ አስተኚው፤ አንድ ቃል ንገሪው። ሲነቃ ቃሉን ጠይቂው፤ ካስታወሰ አእምሮው ከእኛ ጋር ነበር ማለት ነው።

አራት ቁጥር ክፍል ለተኛችው ልጅ የነገርኳት ቃል «ጃንጥላ» ነበር። ልብስ ሰፊ ናት፤ ስትስቅ አፏን በመዳፏ ትሸፍናለች። መንቀጥቀጡ አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ ቆየ። ነቃች፣ ውሃ ጠጣች፣ ደከመኝ አለችኝ። ትንሽ ትተኛ፣ ከምሳ ስመለስ እጠይቃታለሁ ብዬ ወጣሁ። ስመለስ ሐኪሞቹ አልጋዋን ከበውት ነበር። አልተረፈችም።

አሰልጣኛችን ደጋግመው ነገሩኝ፤ አንዳንዴ እንዲህ በድንገት ይሆናል፣ ብትጠይቂያትም አትተርፍም ነበር አሉኝ። ሰማኋቸው፤ ልቤ ግን እሺ አላለም። ቃሉ ተከትሎኝ ቤቴ ገባ። ሳህን ሳጥብ አለ፤ አውቶቡስ ስጠብቅ አለ። በዝናብ እንኳ ጃንጥላ መያዝ ተውኩ። እናቴ በስብሼ ስገባ ልታስታምሚ ነው ወይስ ልትታመሚ የሄድሽው እያለች ትቆጣኝ ነበር።

እሱን ያገኘሁት በዚያው ወር ነው። ሕመምተኞችን ከውጭ የምንከታተልበትን የአራት ቁጥር ካሜራ ሊጠግን የመጣ ቴክኒሻን ነበር። ሲጨርስ ምስሉ እንዲታይ አልጋው ላይ ጋደም አለ። እኔ ስክሪኑ ፊት ተቀምጫለሁ። ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ ቀረ። እንዲህ ፈዞ መቅረትም የሚጥል በሽታ ምልክት ነው፤ ሰባት ሰከንድ ቆጠርኩ። ከዚያ ሮጬ ገብቼ በጎኑ ገለበጥኩት።

«ሲስተር፣» አለ ፊቱ ትራሱ ውስጥ እንደተቀበረ፣ «ካሜራው ይሠራል ማለት ነው?»

ሳቅኩ። ልጅቷ ከሞተች ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያልተበላሸ ካሜራ ሊያይ ይመላለስ ጀመር። ወደድኩት፤ ምን እደብቃለሁ። ግን ዝምተኛ ነው፤ ሲያስብ ዓይኑ ይርቃል፤ ዓይኑ በራቀ ቁጥር እጄ ወደ ሰዓቴ ይሄዳል። መጀመሪያ ይስቅብኝ ነበር። እናቱ ቤት ምሳ ስንበላ ማንኪያው እጁ ላይ ቆም ቢልበት ክንዱን ይዤ ስሙን ሁለቴ ተጣራሁ። እናቱ ልጃቸው የደበቃቸው በሽታ ያለ መስሏቸው አለቀሱ። ያን ቀን አልሳቀም።

አንድ እሑድ ከሰዓት የአውቶቡስ መጠለያ ውስጥ እጄን ያዘና ዝም አለ። አሥር። አሥራ አንድ። ሳላስበው ወደ ጆሮው ጠጋ አልኩ።

«ጃንጥላ።»

ቀስ ብሎ እጄን ለቀቀው።

«እንድታገቢኝ ልጠይቅሽ ነበር፤ ቃል ጠፍቶኝ ነው ዝም ያልኩት። አንቺ ግን የምታዪው እኔን አይደለም።»

ስለ ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ነገርኩ። አላቋረጠኝም። አውቶቡሱ ሲመጣ ተሳፍሮ ሄደ።

ሦስት ሳምንት ደጅ ደጁን አየሁ። ስልጠናውን ልተው ብዬ ደብዳቤ ጻፍኩ። አሰልጣኛችን አነበቡትና መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት።

«ልጄ፣ የሚረሳ ነርስ ሞልቶኛል» አሉኝ። «ወደ ክፍልሽ ሂጂ።»

በአራተኛው ሳምንት፣ አራት ቁጥር ውስጥ አንሶላ ስቀይር፣ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። የዕቃ ሳጥኑን አልያዘም።

«ልረሳሽ ሞክሬ ነበር» አለ። «ቃሉ እምቢ አለኝ። ነግረሽኝ ሳትጠይቂኝ ቀረሽ እኮ።»

እንደተማርኩት ጠየቅኩት።

«የነገርኩህን ቃል ታስታውሳለህ?»

«ጃንጥላ» አለ።

አንሶላውን እንደታቀፍኩ አለቀስኩ።

ተጋባን። አሁንም ዝም ሲል እቆጥራለሁ። እሱም ያውቃል፤ ፊቱን ሳያዞር «ጃንጥላ» ይለኛል፤ መቁጠሬን አቆማለሁ። የልጅቷን መልስ ግን እስከ ዛሬ እጠብቃለሁ።