ከላይ ያለው ቀይ

የዲዛይን መምህሩ በመወያያ ክፍሉ ወለል ላይ ተዘርሮ ተገኘ፤ የመታው የጂፕስም ጭንቅላት ቅርጽ ከጎኑ ተሰብሯል። መርማሪዋ ስትጠራ ግማሽ ከተማ እፎይ አለ። «መርፌ» የሚሏት ይህች ሴት ስታስነጥስ እንኳ ሌባ ጓዙን ጠቅልሎ ይሰደዳል።

በግድግዳው የተሰቀለው የተማሪ ሥራ ሁሉ ተዘቅዝቋል። ወለሉ ላይ ደግሞ የትምህርት ቤቱ አርማ፣ ክንፉን የዘረጋ ወፍ፣ መስቀያ ገመዱ ከግርጌው ታስሮ ተቀምጧል።

«ሊጸዳ ወርዶ ነው» አለ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ማንም ሳይጠይቀው። አርማውን የሠራው እሱ ነው፤ አስከሬኑንም ያገኘው እሱ። በተማሪ ሥራ ላይ የሚደረገው ውይይት ሁሉ ወደ ክፍሉ ቴሌግራም ግሩፕ እንዲዛወር ሲወተውት ኖሯል። ሟቹ በበኩሉ ፊት ለፊት ያልተነገረ አስተያየት ከሐሜት አይለይም እያለ አሻፈረኝ ብሎ ነበር።

ኃላፊው ስብሰባ ላይ ሳለ ግን ከሟቹ ስልክ ግሩፑ ላይ መልእክት ገብቷል፦ «ያቺ ነገረኛ መጥታ እየጨቀጨቀችኝ ነው። ፖስተርሽ ላይ ከላይ ያለው ቀይ ከብዷል ብላት አልሰማም አለች።»

ነገረኛ የተባለችው ተማሪ በዚያን ሰዓት ብቻዋን ኮሪደር ላይ ነበረች። ምስክር የላትም፤ ካቴናው ተዘጋጅቶላታል።

«ትጣሉ ነበር?» አለቻት መርፌ።

«በየቀኑ፣ ፊት ለፊት። እንደሱ የሚያከብረኝ አልነበረም።»

«ሥራው ለምን ተዘቀዘቀ?»

«ጉድለቱ እንዲታይ። ገልብጦ ይሰቅልና እንደተሰቀለው ያወራል። የኔን ቀይ ‹ከታች ያለው› ሲለኝ ነው የከረመው።»

መርፌ ፈገግ አለች። ኃላፊውን፣ ተማሪዋንና የሟቹን ቦታ ይመኛል የተባለውን ረዳት መምህር እዚያው ክፍል ሰበሰበች።

«መልእክቱ ‹ከላይ› ይላል። ሟቹ እንደዚያ አይልም። እዚህ ክፍል ተቀምጦ የሚያውቅም፣ በስሙ ሲጽፍ እንደዚያ አይሳሳትም። ሥራውን ሳይገለበጥ፣ በስልክ ብቻ የሚያዩት እርስዎ ነዎት፣ ጌታዬ።»

«ስብሰባ ላይ ነበርኩ።»

«የሟቹ ስልክም አብሮዎት ነበር። ሟቹ ቆልፎት አያውቅም። ገድለውት ወጡ፣ ከጠረጴዛ ሥር ጻፉ፣ አስከሬኑን አገኘሁ ሲሉ ኪሱ መለሱት።»

«ምን አድርጎኝ ነው የምገድለው?»

መርፌ ለተማሪዋ በዓይኗ ወደ አርማው ጠቆመቻት። ልጅቷ አነሳችውና ሟቹ ባሰረው ገመድ ሰቀለችው። ወፉ ተገልብጦ የተዘረጋ እጅ ሆነ።

«አንደኛ ዓመት ሳለች የሣለችው እጅ» አለ ረዳት መምህሩ ቀስ ብሎ። «እርስዎ ግሩፑ ላይ ‹ደካማ ሥራ› ብለው ጥለውት ነበር።»

«ከዚያ ገልብጠው የራስዎ አርማ አደረጉት። ሟቹ ነገ ተማሪው ሁሉ ፊት ሊያወያይበት ነበር» አለች መርፌ። «እርስዎም ቀደሙት።»

ልጅቷ ኃላፊው ፊት ቆመች።

«ደካማ ነው ብለው ጽፈውልኝ ነበር። አሁን እዚሁ፣ ፊቴ ላይ ይድገሙልኝ።»

የኃላፊው እጅ ስልኩን ፍለጋ ወደ ኪሱ ሄደ። ካቴናው መንገድ ላይ አገኘው።