ባለቀንድ እጀታው ሽጉጥ

ሆሊስ ቴትሪክ ከክሊኒኩ ፊት ለፊት በቆመች ፒካፑ ውስጥ መሪው ላይ ተደፍቶ ሲታይ፣ አላፊ አግዳሚው እንቅልፍ የጣለው መስሎት አለፈው። ሬዲዮው የስንዴና የከብት ዋጋ ይለፈልፋል። ተኩሱን የሰሙትም ጎማ ፈነዳ ብለው ዝም አሉ። ከተማው የነቃው ደሙ በበሩ ሥር ወርዶ አስፋልቱ ላይ ሲንጠባጠብ ያየች ነርስ ስትጮህ ነው። ጥይቷ ጭኑን በስታ ትልቁን የደም ሥር አግኝታዋለች። ሰውዬው ሐኪም ደጃፍ ላይ ሆኖ ሐኪም ሳይደርስለት ሞተ።

ከሸሪፉ ቢሮ የመጣችው መርማሪ ሬቫ ክራብትሪ የሱፍ ፍሬ እየፈለጠች መኪናዋን ዞረቻት። ሬቫ ብዙ አትናገርም፤ ዝምታዋ ግን ሰውን ያስለፈልፋል።

«ማንም አልተኮሰበትም» አለች በመጨረሻ። «የራሱ ሽጉጥ ነው። ሲሽጠው የሸሚዙ ጫፍ ምላጩ ውስጥ ገብቶበታል።»

ሆሊስ ሽጉጥ መያዙ እዚህ ኦክላሆማ ማንንም አይገርምም። እኛ ከቤት ስንወጣ ቁልፍ፣ ቦርሳ፣ ሽጉጥ ነው ነገራችን። ክሊኒክ ውስጥ ስለማይፈቀድ ሰው ሽጉጡን መኪናው ውስጥ ትቶ ይገባል፤ ሲመለስ እዚያው እንደተቀመጠ ከሸሚዙ ሥር ይሽጠዋል። ሆሊስ ዕድሜ ልኩን እንዲሁ ሲያደርግ ኖሯል፤ ያውም በግዴለሽነት። ታዲያ ያን ሰኞ ምን ተለየ?

ሬቫ ጥይቶቹን አወጣችና ምላጩን በትንሿ ጣቷ ሳብ አደረገችው። እንዲህ ዓይነት አጭር ሪቮልቨር ምላጩ ሲሠራ ጀምሮ ደንዳና ነው፤ የያዘውን ሰው የሚጠብቀውም ያ ድንዳኔው ነው። ይኼኛው ግን ገና ሲነኩት ሄደ። አንድ ሰው ውስጡን ነካክቶ ሞላውን በለስላሳ ሞላ ለውጦታል።

«ይኼን ማነው የሠራው?»

የሆሊስ ልጅ ራንደል ዓይኑ ደም መስሎ ቆሟል። «ከአጎቴ ከቨርዴል ሌላ ማን አለ? በዚህ ከተማ ምላጭ የሚያላላ እሱ ብቻ ነው። ትናንት ቤተ ክርስቲያን የዓሣ ጥብስ ላይ ከአባባ ጋር ሲጨቃጨቁ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ‹ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ› ይለዋል። አባባ ደግሞ ‹ከነገርካት ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ› ይላል።»

«ምኑን ነው የሚነግራት?»

«እኔ ምን አውቄ! እሰሩልኝ ነው የምለው።»

ቨርዴል ስታምፕስ ጠመንጃ ጠጋኝ ነው፤ የሆሊስ ሚስት የዋኔታ ታናሽ ወንድም። ከሬቫ ጋር አብረው ነው የተማሩት። ሱቁ ስትገባ እጁን ጭኑ ላይ ጥሎ ተቀምጧል፤ መብራት እንኳ አላበራም።

«የሆሊስን ሽጉጥ ነክቼው አላውቅም» አላት ገና ሳትጠይቀው።

«የማንን ነካህ ታዲያ?»

ቨርዴል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ቨርዴል፣ ሸሪፉ በቸልተኝነት ሰው ገደለ ብሎ ሊያስገባህ ነው። ቢበዛ እስከ ቀብሩ ነው የሚጠብቅህ።»

«ልግባዋ! እስር ቤትም የሚጠገን ነገር አይጠፋም።»

«አትቀልድብኝ። ይልቅ ይኼን እየኝ» አለችና ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። ከአጋዘን ቀንድ የተሠራውን እጀታ የሚይዘው አንድ ብሎን ብቻ ነው፤ ጭንቅላቱ ተፋፍቋል።

ቨርዴል አጎንብሶ አየውና የሙያው ንዴት መጣበት። «ይኼን የሠራ እጁ ይቆረጥ! ካቻቪቴ ጠፍቶ ነው? በቢላ እኮ ነው የፈታው!»

ወዲያው ሽጉጡን ከፊቱ ገፋ አደረገው። ሬቫ ፊቱ ሲለወጥ እያየች ነው፤ ደሙ ከከንፈሩ ሸሸ።

«የቤት ቢላ ነው» አለች ቀስ ብላ።

«ውጪልኝ፣ ሬቫ። በናትሽ ውጪልኝና እኔን እሰሩኝ።»

ዋኔታ ቤት ጎረቤቱ ሁሉ የለቅሶ ምግብ ይዞ ገብቷል። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ በፎይል በተሸፈኑ ሳህኖች ተሞልቷል፤ ሳህኑ እንዳይጠፋ የባለቤቱ ስም ከሥሩ በፕላስተር ተለጥፏል።

«ቁጭ በይ የኔ ልጅ» አለቻት ዋኔታ። «ብዪልኝ፤ ይኼ ሁሉ ምግብ ይበላሽብኛል። ሆሊስ ቢኖር እስከ ነገ አያደርሰውም ነበር።» ዳቦ አቀረበችላትና የኮክ ማርማላታውን ልትከፍት ታገለች። ክዳኑ እምቢ አላት። ጣቶቿ ቁርጥማት አጣሟቸዋል። ለሬቫ ሰጠቻት።

«እጅዎን አሁንም ያምዎታል፣ እትዬ ዋኔታ?»

«ለክዳን ነው እንጂ ድኗል! አምና የሽጉጤን ምላጭ መሳብ አቅቶኝ፣ ከእንግዲህ አረጀሁ ብዬ አልቅሻለሁ። ሆሊስ ነው ያዳነኝ። ከእራት በኋላ ሞቅ ያለ ሰም እየቀባ ያሽልኝ ነበር። አሁን ልጅ እያለሁ እንደምተኩሰው ነው የምተኩሰው።»

«የእሱስ እጅ?»

«የእሱማ አይነሳ። በረዶ ላይ ወድቆ አንጓው ከተሰበረ ወዲህ መለማመዱንም ትቶታል። አመመኝ አይልም፤ ፊቱን እያጨማደደ ‹ደህና ነኝ› ነው።»

ሬቫ ማንኪያ ላምጣ ብላ መሳቢያውን ከፈተች። የቅቤ ቢላው ጫፉ ተጠምዟል። ከዋኔታ ቦርሳ ሽጉጧንም እንድታይ ጠየቀች። የባልና የሚስቱ ሽጉጦች አንድ ቀን የተገዙ መንትዮች ናቸው፤ የእሱ ባለቀንድ እጀታ፣ የእሷ ባለነጭ እጀታ። ሬቫ ጥይቱን አውጥታ የነጩን ምላጭ ስትስበው ደንዳና ሆኖ አገኘችው። ማርማላታውን ሳትቀምስ ወጣች፤ ልቧ ተሰብሯል።

ከቀብሩ ሲመለሱ ዋኔታ፣ ራንደል፣ ቨርዴልና ሬቫ ሳሎን ተቀመጡ። ሬቫ ሁለቱን ባዶ ሽጉጦች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አኖረች። አፏን ሳትከፍት ቨርዴል ተነሳ።

«እኔ ነኝ። የሆሊስን ሽጉጥ ያላላሁት እኔ ነኝ። ውሰጂኝና ይብቃ።»

«አላልኩም?» አለ ራንደል ከወንበሩ እየዘለለ።

«ተቀመጥ፣ ራንደል። አንተስ ቨርዴል፣ ይኼ ብሎን በቢላ ነው የተፈታው። ከመቼ ወዲህ ነው በቢላ የምትሠራው?»

«ቢላውማ የኔ ነው» አለች ዋኔታ።

«ዋኔታ፣ ዝም በይ!» አለ ወንድሟ።

«ለምን ዝም እላለሁ? እጀታዎቹን ያለዋወጥኳቸው እኔ ነኝ። የኔ ሽጉጥ በሥራ ብዛት የለዘበ መሰለኝ፤ የሱ ግን ደረቅ ነው፣ አንጓውን ያማዋል። የኔን ውሰድ ብለው መቼ ይሰማኛል! ቅዳሜ ዕለት የሱን ቀንድ በኔ ላይ አሰርኩና የራሱ አስመስዬ ሰጠሁት። ከሰዓቱን ሙሉ እያረፍኩ ነው የሠራሁት። እጄ ባይድን ኖሮ የት ይሆንልኝ ነበር?»

ሬቫ ዋኔታን ተመለከተቻት። «እትዬ፣ የቀረውን ለእርስዎ ባልናገር እመርጥ ነበር።»

«ወንድሜ ሊታሰር አይደል? ተናገሪ።»

ሬቫ የቀንዱን እጀታ ፈታችው። «የእነዚህ ሽጉጦች ቁጥር ከእጀታው ሥር ነው ያለው። ሲገዙ ያነሰው ቁጥር ለእሱ፣ የበለጠው ለእርስዎ እንደሆነ ራንደልም ያውቃል። ሆሊስን የገደለው የበለጠው ነው። ቨርዴል የሆሊስን አልነካሁም ያለኝ እውነቱን ነው፤ የነካው የእርስዎን ነው። ይኼን የጠረጠርኩት ማርማላታው ላይ ነበር። ክዳን መክፈት ያቃተው እጅ ምላጭ በቀላሉ ከሳበ፣ የተለወጠው ምላጩ ነው።»

«ማን አዘዘህ?» አለችው ዋኔታ ወንድሟን።

«ሆሊስ ለምኖኝ ነዋ» አለ ቨርዴል እንባው እየወረደ። «እንዳልነግርሽ አስማለኝ። የማያውቅ ሰው ቢያነሳውስ ብዬ እሑድ ዓሣ ጥብሱ ላይ እንኳ ለመንኩት። እምቢ አለኝ።»

«ለእርስዎ አደጋ አልነበረውም» አለች ሬቫ። «ቦርሳዎ ውስጥ በጠንካራ ቆዳ ተከልሎ ነው የሚቀመጠው። ሆሊስ ግን ደንዳናውን የራሱን የያዘ መስሎት፣ እንደ ወትሮው ሸሚዙን ሳያነሳ ሻጠው። እዚህ ቤት ነፍሰ ገዳይ የለም። እሱ ለእርስዎ ብሎ ደበቀ፣ እርስዎም ለእሱ ብለው ደበቁ።»

ራንደል ተነስቶ አጎቱ ትከሻ ላይ ተደፋ። «ይቅር በለኝ» ይላል ደጋግሞ።

ዋኔታ አላለቀሰችም። ሽጉጦቹንም አላየችም። ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ የተጣመሙትን ጣቶች እያገላበጠች ታያቸዋለች።

«ታዲያ እጄ አልዳነም ነበር?» አለች።

ቨርዴል ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ሬቫም ቀና ብላ ማየት ተሳናት።

«እያሸ ‹ዛሬማ በጣም ይሻላል› ይለኝ ነበር» አለች ዋኔታ። «እኔም የእውነት ይሻለኝ ነበር።»