ደም የነካው ችካል

የንብረት ገማቹ ሬሳ የተገኘው ለነባሩ ጎሳ በተከለለው መሬት፣ ሀይቁ ዳር፣ ሸምበቆው ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ነው። ማጅራቱ ተፈርክሷል። ብዙም ሳይቆይ ከከተማ የመጡት መርማሪዎች ደም የነካ የቅየሳ ብረት ችካል በኢግናስ ባዚል መሬት ጥግ ላይ ተተክሎ አገኙና እጁን በካቴና አሰሩት።

ዴልፊን ይህን ስትሰማ ለጎሳው ፖሊስ ደወለች። ኢግናስ ታናሽ ወንድሟ ነው። እሷ የጎሳው ምክር ቤት የመሬት ኃላፊ ስትሆን ገማቹን የጠራችውም ራሷ ነች። በዋዜማው ወንድሟ በሰውየው ላይ ሲጮህ ሰምታለች፦ «ገመድ ይዞ የመጣ ሁሉ መሬታችንን ቆርጦ ነው የሄደው! ሁለተኛ ብትመጣ በእግርህ አትወጣም!»

ኢግናስ አልዋሸም። መንግሥት «በአደራ ይዤላችኋለሁ» ያለው የጎሳው መሬት በየቅየሳው እየጠበበ ነው እዚህ የደረሰው። የቀረውንም ባለመብቱ አይሸጠው፣ ባንክ አያሲዘው። ይህን አደራ ብሎ የጠራ ሰው ዝርፊያን ምን ብሎ ሊጠራ ይሆን? ነገር ግን ይህ ሁሉ እውነት ለታሰረ ሰው ምን ይጠቅመዋል?

ከጎሳው ፖሊስ፣ ዴልፊን አክስቴ የምትላት ሳጅን ኮርዴሊያ ናርሲስ የደረቀ ሳልሞን እያኘከች መጣች።

«ሰውየው ምን ሊገምት ነበር?»

«የሊዘኞቹን፣ መሬታችንን የተከራዩትን የከተማ ሰዎች የበጋ ቤቶች። ግብር የሚከፍሉን እነሱ ናቸው። የእኛ ሰው በገዛ መሬቱ ግብር የለበትም።»

«ወንድምሽ ግብር ፈርቶ አልገደለማ።»

«አክስቴ፣ እሱ አልገደለም!»

«ይህን ከልብሽ ታምኛለሽ?»

ዴልፊን ዓይኗን ሰበረች።

ሳጅኗ ሊዘኞቹን አነጋገረች። ወይዘሮ ኦግደን ገና ከበሩ ተቆጡ፦ «አምና በግምቱ ተከራክሬያለሁ፤ ተከራከርኩ ማለት ገደልኩ ማለት ነው? ግቢዬ ያውልሽ፣ ፈትሺው!»

ጎረቤታቸው ዋረን ሊድል ግን ወደ ውሃው በተዘረጋው ሰፊ የእንጨት ሰገነቱ ላይ ወንበር አቀረበላት። «ልጁ ድንበሩ እንዳይለካ ፈራ፤ የድንበሩን ችካል ነቅሎ መታው፤ መልሶ ተከለው። ምን ይመረመራል?»

«ሰገነትዎ ያምራል።»

«አዲስ ነው» አለ በኩራት።

በማግስቱ ሁሉም በምክር ቤቱ አዳራሽ ተሰበሰቡ። ኢግናስ ከነካቴናው ተቀምጧል።

«ሚስተር ሊድል፣ ችካሉ የኢግናስ ድንበር ነው ብለውኛል» አለች ሳጅኗ።

«ጥጉ ላይ አይደል የተገኘው!»

«የከተማ ሰው መሬት ሁሉ በአራት ብረት የታሰረ ይመስለዋል። የኢግናስ መሬት ግን ተቀይሶ አያውቅም። ከአያቱ በልማድ ነው የወረሰው፤ ድንበሩ ጅረቱና አሮጌው ጥድ ነው። ከሌለ ችካል ምን ይነቅላል?»

ሳጅኗ ወደ ሊድል ጠጋ አለች።

«እዚህ ችካል ያለው የሊዝ ቦታ ብቻ ነው፤ ሳይቀየስ ሊዝ አይመዘገብም። ዳርቻውን ዞሬ አየሁ። የወይዘሮ ኦግደን ችካሎች አሉ፤ የሌሎቹም። የእርስዎ የሀይቅ በኩል ጥግ ግን ባዶ ጉድጓድ ሆኗል፤ ያውም ሰገነትዎ ስር፣ ከጫፉ ብዙ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ።»

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ ሰገነቱ ያረፈው ባልተከራዩት የጎሳው መሬት ላይ ነው። ገማች ቤት ሲለካ ከወለል ስርም ያያል። ሟች ጎንበስ ሲል ችካሉን አየ። ቢናገር ሰገነትዎ ይፈርሳል። ስለዚህ ነቀሉትና በዚያው መቱት። ድንበሩም ጠፋ፣ ምስክሩም ጠፋ። ደግሞ ኢግናስ ሲዝትበት ሰምተው ነበርና ችካሉን ወስደው እሱ መሬት ጥግ ላይ ተከሉት። ወለሉ ስር የረጨውን ደም ግን አላጠቡትም፤ ባልደረቦቼ ፎቶ አንስተውታል።»

ሊድል ተነስቶ ጮኸ፦ «መሬቱ የእናንተም አይደለም! የመንግሥት ነው!»

«ለዳኛው ይንገሩት» አለችው።

ካቴናው ከኢግናስ እጅ ወልቆ ሊድል እጅ ላይ ገባ። ዴልፊን እየሮጠች ወንድሟን አቀፈችው። እሱ ግን እጁን አላነሳም።

«ዴሊ፣ አንቺም የገደልኩት እኔ መስዬሽ ነበር?»

«አይ» ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉ አልወጣ አላት። ኢግናስም መልሷን ሳይጠብቅ ጥሏት ሄደ።