ዓይኑን ቅቤ የተቀባው ካሜራ

በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ። መብራቱም ጠፍቷል፣ የሚያስቸኩላችሁ ነገር የለም። አማትቡ። አንተም አማትብ፣ በኋላ ስትጮህ እንዳልሰማህ።

ድሮ ነው። ድሮ ስል የአያቶቻችን ዘመን አይደለም፤ መኪና አለ፣ የፍጥነት ካሜራም አለ። መንፈስም ከዘመኑ ጋር ይሄዳል፣ ምን ታደርጉታላችሁ?

በአንዲት ከተማ ቢሻው የሚባል የሚኒባስ ሾፌር ነበረ። ከከተማዋ መውጫ ላይ አንድ ኩርባ አለ። ግራና ቀኙ ባሕር ዛፍ ነው፤ ሲመሽ ሰው የለም፣ ውሻ እንኳ የለም። እዚያ ኩርባ ላይ ወይዘሮ ትሁኔ የሚባሉ በቆሎ ጠብሰው የሚሸጡ ሴት ነበሩ። አንድ ቀን ሊሻገሩ ሲሉ የሚበር መኪና ገጫቸው። ሞቱ። ነፍስ ይማር በሉ እንጂ! ምን ዝም ትላላችሁ?

ከዚያ ወዲህ ካሜራ ተተከለ። ረጅም የብረት ምሰሶ፣ ጫፉ ላይ አንድ ዓይን። የሚፈጥን መኪና ሲመጣ ቦግ ይላል፤ በቃ፣ ተያዝክ። ሾፌር ሁሉ እዚያ ሲደርስ እንደ ሙሽራ መኪና ቀስ ይላል። ቢሻው ግን እግሩ እምቢ አለው። ዛሬ ቦግ፣ ነገ ቦግ። በመጨረሻ፣ “አንዴ ብትደግም መንጃ ፈቃድህን አትፈልገው” ተባለ። መንጃ ፈቃዱ ከተነጠቀ ቢሻው ምን ሊሆን ነው? ከመንዳት ሌላ የሚያውቀው የለም።

ታዲያ ምን አደረገ? ቀስ ብሎ ነዳ? ኧረ ወዲያ! ጠንቋይ ቤት ሄደ።

ጠንቋዩ ዓይኑን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ፣ “ምሰሶው ላይ ዛር አለበት” አለው። “ግብሩን ስጠው። ለጋ ቅቤ ቀባው።”

ዛፍ ቅቤ ሲቀባ አይቻለሁ። እግዜር ይቅር ይበላቸው ብዬ አልፌያለሁ። ካሜራ ሲቀባ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ማምሻውን ረዳቱ ምትኩ መሰላሉን ያዘለት፣ ቢሻው ወጣ። የካሜራውን ዓይን በቅቤ ልቅልቅ አደረገው።

“ጋሼ” አለ ምትኩ ከታች፣ “ለሱ ከምትቀባው ለራስህ ብትቀባው ይሻል ነበር። ፀጉርህ አልቋል እኮ።”

“ዝም በል! ዛሩ ይሰማሃል።”

“ቢሰማኝስ? እኔ አልነዳ!”

መሰላሉን ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ካለው ፖርቶመጋላ ጋር አሰሩት። ምትኩን ሰፈሩ አወረደውና ቢሻው ቅቤውን ሊሞክር ብቻውን ተመለሰ። ጨልሟል። ነዳጁን ረገጠው። ሚኒባሱ ተፈተለከ። ኩርባው ጋ ደረሰ፣ ምሰሶውን አለፈ። ቦግ አለ? አላለም!

“ዕውር!” ብሎ በመስኮት ሰደበው። ሳቀ። አሁንም ረገጠው።

ይኼኔ ከኋላ ወንበር፣ “ወራጅ አለ።”

ባዶ መኪና ነው አላልኳችሁም? በመስታወት አየ፤ ሰው የለም። “ጆሮዬ ነው” አለና ረገጠው።

“ወራጅ አለ፣ ልጄ።” አሁን ከመሀል ወንበር ነው። የተጠበሰ በቆሎ ሸተተው። በስመ አብ በል እንጂ ሰውዬ! አላለም፤ የባሰውን ረገጠው።

ትከሻውን ቀዝቃዛ እጅ ነካው። ቀስ ብሎ ዞረ። አጠገቡ፣ ጋቢና ውስጥ፣ ነጠላ የተከናነቡ ሴት ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን ገለጥ አደረጉት። ወይዘሮ ትሁኔ ናቸው። ከሁለቱም ዓይናቸው ቅቤ ይንጠባጠባል።

“ዓይኔን ደፍነኸው” አሉት፣ “እንዴት ብዬ ልሻገር?”

ቢሻው ፍሬኑ ላይ በሁለት እግሩ ቆመ። መኪናው ሲቆም ሴትየዋ የሉም። ምን ይሻላል? ጥሎ እንዳይሄድ፣ ነገም የሚነዳው በዚያው መንገድ ነው። ወደ ምሰሶው ተመለሰ፣ መሰላሉን አወረደ፣ ወጣና በሸሚዙ እጅጌ መጥረግ ጀመረ። ቅቤ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ በጨርቅ ቶሎ ይለቃል እንዴ? አይለቅም። “ስለ እናቴ፣ ስለ ጻድቃን” ይላል፣ ይጠርጋል። ዳዊት ቢደግም ኖሮ ጥሩ ነበር፤ የሚያውቀው የዘፈን ካሴት ብቻ ነው።

“በደንብ ጥረገው” የሚል ድምፅ ከታች ሰማ። “የሚመጣው ይፈጥናል።”

እውነትም ከኩርባው ወዲያ ሞተር አጓራ። የጭነት መኪና ነው። ያው ካሜራው ታውሯል የሚለው ወሬ ከምትኩ አፍ ወጥቶ ከተማውን ዞሮ የለ! እየበረረ መጣ። መብራቱ መሰላሉ ላይ ወደቀ። ቢሻው የት ይዝለል? ጠረገ። በእጅጌው ጠረገ፣ በመዳፉ ጠረገ፣ በመጨረሻ በምላሱ ላሰው።

ቦግ!

ሾፌሩ ደንግጦ ፍሬን ያዘ። መኪናው ተንሸራተተ፣ ተንሸራተተ፣ መሰላሉ ሥር ሲደርስ ቆመ። ሾፌሩ በሩን በርግዶ ወረደ።

“አንተ ምን ዓይነት ሰው ነህ! ተኝቶ የነበረውን ካሜራ ትቀሰቅሳለህ?”

ሾፌሩ ወደ መሰላሉ እግር ቀረብ አለ፤ ወዲያው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“ደሞ አታፍርም? እኚህን እናት በዚህ ብርድ መሰላል ታስይዛለህ?”

ቢሻው ወደ ታች አላየም። እስኪነጋ ጠረገ።